ስልሳ አራተኛው ነጥብ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከተሰበሰቡት መሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ደጃፉ ላይ ቆመው እገሊት በህልሟ እንዲህ አየች፣ የእገሌን ልጅ እንዲህ አደረገው ሲባባሉ፣ ስልኬን አውጥቼ የባቡር ሰዓት ነበር የምመለከተው፣ እናቴም «አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆንሽብን» እያለች ትቆጣኝ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ ቢቻለኝ ኖሮ ምክንያቱን አግኝቼለት በሁለት መስመር ዘግቼው ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞም ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ጨለማም መብራት መጥፋትም የለበትም፣ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ካለፈ በኋላ፣ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር በሚገኘው ኩሽናችን ውስጥ ነው።

ስሜ ሕይወት ነው፣ እዚህ ሮም ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ የመጀመሪያ ዓመቴ ሲሆን የምማረው ጂኦግራፊና የካርታ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከእናቴ ጋር ለመኖር ነበር፣ እናቴ ግን የምታድረው ከምትንከባከባቸው አሮጊት ሲኞራ ቤት ስለሆነ፣ በተከራየናት አንድ ክፍልና ኩሽና ውስጥ አብረን የምንሆነው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው፣ እዚህ አገር የቤት ሠራተኛ የሚያርፈው በእነዚህ ቀናት መሆኑን ሮም የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ስለ ሊዲያ ልንገራችሁ፣ ይህን ክፍል መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ሊዲያ የክፍሌ ልጅ ናት፣ እናቶቻችን የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። እኔ ለፔርሜሶዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከንጋት ጀምሮ ስሰለፍ፣ እሷ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ፈርማ ዜግነቷን ወስዳ ጨርሳዋለች። እኔ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ዓረፍተ ነገሩን በጣሊያንኛ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ አርሜ፣ ከዚያ እጄን ሳወጣ፣ እሷ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ያሰበችውን ወዲያው ትናገራለች፣ ሰዉም ይስቃል። ፕሮፌሰሩ እሷን «ሊዲያ» ይሏታል፣ እኔን ግን «ሲኞሪና ታደሰ» ይሉኛል፣ ታደሰ የአባቴ ስም እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ አስረድቻቸዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ በጥሞና ሰምተው፣ አመስግነው፣ «ግሩም ነው፣ ሲኞሪና ታደሰ» ብለውኝ አልፈዋል።

ይሄ ሁሉ ይቻል ነበር፣ እማዬ ባትጨመርበት። ሊዲያ ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት እየመጣች ትበላለች፣ ከበሩ ጀምራ «አሎራ፣ ሕይወትዬ፣ ሽሮ አለ ወይስ ዛሬም ፓስታ ነው የምታበዪኝ?» እያለች በዚያ ግማሽ አማርኛዋ እማዬን በሳቅ ትገድላታለች፣ በልታ ስትጨርስ ማንም ሳይጠይቃት ተነስታ ሳህን ታጥባለች። ያን ጊዜ እማዬ ወደ እኔ ዞራ፣ «አየሽ አይደል፣ እዚህ አገር ተወልዳ እንኳ! ከዓይን ያውጣት» ትላለች። እኔ በየቀኑ ያንን ሳህን አጥባለሁ፣ ማንም ከምንም ያውጣት ብሎኝ አያውቅም።

በሰኔ ወር ፕሮፌሰሩ ሁለት ሁለት አድርገው ከፍለውን የሰፈር ካርታ እንድንሠራ አዘዙን፣ እኔ የደረሰችኝ ሊዲያ ነበረች። የመረጥነው የመንገድ ዳር የውኃ ምንጮችን ነው፣ እነዚያ ቀን ከሌት ውኃ የሚፈስባቸው አጫጭር የብረት ምንጮች፣ እንደ አፍንጫ የተቆለመመ ቧንቧ ስላላቸው ሰዉ ናዞኔ የሚላቸው። እኔ ቶር ፒኛታራ ውስጥ ሠላሳ ሁለት መዘገብኩ፣ እሷ ኤስኲሊኖ ውስጥ ሠላሳ አንድ፣ በድምሩ ስልሳ ሦስት፣ ለእያንዳንዱ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የመዘገበውን ሰው ስምና አንድ ፎቶ ይዘን፣ ሁሉንም በአንድ ስፓሻል ዳታቤዝ ውስጥ አስገባን። ስፓሻል ዳታቤዝ ማለት፣ በቀላሉ ለመንገር፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ መረጃ መሬት ላይ የቱ ጋ እንደሆነ ራሱ የሚያውቅ ማኅደር ነው፣ የካርታው ሶፍትዌር ያንን ፋይል ሲከፍት ነጥቦቹ ሁሉ በየቦታቸው ቁጭ ይላሉ።

ትልቁ ነገር ግን ምንጮቹ አልነበሩም። ፕሮፌሰሩ በዩኒቨርሲቲው እረፍት ከካርታ ቡድናቸው ጋር የሚሠራ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይመርጣሉ፣ አንድ ብቻ፣ እኛን ደግሞ ጠርተው «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሆናላችሁ፣ ዓርብ ካቀረባችሁ በኋላ እወስናለሁ» ብለውናል። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሊዲያ ላይ ነበር። እኔ ያንን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግኩት ልገልጽላችሁ አልችልም፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ተመርጬ የገባሁበት አንድም ቦታ አልነበረም።

ስለዚህ ሐሙስ ቀን ዋሸሁ። የመጨረሻውን ካርታ ብቻዬን ጨርሼ፣ ዓርብ ጠዋት ለፕሮፌሰሩ ራሴ ላሳያቸው ፈልጌ፣ እሷ ከሰዓት እኛ ቤት እንዳትመጣ ደወልኩላት።

«ሊዲያ፣ ኤስኲሊኖ ፒያሳው አጠገብ ያለው ናዞኔ ፎቶው ደብዝዟል፣ ዛሬ ደግመሽ ብታነሺው ጥሩ ነው።»

«ማ ዳይ! በዚህ ሙቀት? ቀልድ ነው በዪኝ።»

«ፕሮፌሰሩ ያስተውሉታል።»

«ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ ጄኔራል! ለዚያ አበባ ሽሮዬን ይደብቁልኝ በዪያቸው።» እማዬን ዚያ አበባ ነው የምትላት፣ አክስቴ አበባ እንደማለት። እየሳቀች ስልኩን ዘጋች፣ ፎቶው ግን ምንም አልደበዘዘም ነበር።

እማዬ ምሳዋን በልታ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ጋደም አለች፣ በክፍሉና በኩሽናው መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው፣ ስልኬም እዚያው እሷ ራስጌ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነበር። እኔ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ፣ ፋይሉን ሊዲያ ካዘጋጀችው የጋራ ፎልደር አውጥቼ አዲስ ወደከፈትኩት የራሴ ፎልደር አዛወርኩት፣ ሶፍትዌሩን አስነሳሁና ክፈት አልኩት። «ይህ ፋይል ስፓሻል ዳታቤዝ አይደለም» አለኝ በጣሊያንኛ።

ትናንት በሊዲያ ኮምፒውተር ላይ በመጀመሪያው ሙከራ ተከፍቷል፣ ልብ በሉ። ዘግቼ ደግሜ ከፈትኩት፣ አይደለም አለኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ አይደለም። የፋይሉን መጠን አየሁ፣ ልክ ነው። አዲሱን የሶፍትዌሩን ስሪት አውርጄ ጫንኩ፣ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አሁንም አይደለም። በሌላ ትንሽ ፕሮግራም ውስጡን ከፍቼ ተመለከትኩ፣ ስልሳ ሦስቱም መዝገቦች አሉ፣ ቦታውን የሚይዘው ዓምድም አለ፣ ቦታው የት ዓምድ ላይ እንደተጻፈ ለሶፍትዌሩ የሚነግረው ሠንጠረዥም አለ፣ ሁሉ ነገር አለ፣ ካርታው ብቻ አላውቀውም ይላል። እመኑኝ፣ በዚያ ሰዓት ያናደደኝ ኮምፒውተሩ አልነበረም፣ እሷ ብትሆን ኖሮ ይከፈትላት ነበር የሚለው ሐሳብ ነው፣ ማሽኑም እንደ ፕሮፌሰሩ እሷን በስሟ እየጠራ እኔን በአባቴ ስም የሚጠራኝ መሰለኝ።

በመጨረሻ አንድ የተማሪዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነበብኩት ነገር መፍትሔውን ነገረኝ፣ አንዳንድ ጊዜ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ስም ከላቲን ውጪ በሆነ ፊደል ከተጻፈ ሶፍትዌሩ መንገዱን ማንበብ ያቅተውና ዳታቤዙን አያውቀውም። የእኔ ፎልደር ስም «በስመ አብ» ነበር።

አትሳቁብኝ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አዲስ ደብተር ስንከፍት በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ በስመ አብ ሳንጽፍ አንጀምርም ነበር፣ እናንተም ጽፋችኋል፣ እኔ ይህን ልማድ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ይዤው መጥቻለሁ፣ አዲስ ሥራ ስጀምር ፎልደሩን እንዲያ ብዬ እሰይመዋለሁ፣ አምኜበትም አይደለም፣ እጄ ለምዶት ነው። እና ስሙን ማጥፋት ነበረብኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ስሰርዛቸው ትንሽ ከበደኝ፣ በምትካቸው በላቲን «ላቮሮ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሥራ ማለት ነው።

በዚያች ቅጽበት ምን እያሰብኩ እንደነበር በእውነት ልንገራችሁ። ስለ ሶፍትዌሩ አልነበረም። ሊዲያ አሁን ኤስኲሊኖ ናዞኔው ጋ ደርሳ ይሆናል፣ እንደ ሮም ልጆች የቧንቧውን አፍ በጣቷ ደፍና፣ ውኃው በላይኛዋ ቀዳዳ ወደ ላይ ሲተኮስ ጎንበስ ብላ ትጠጣለች፣ እኔ ስሞክረው ሁልጊዜ ደረቴን ያርሰዋል፣ እሷን ግን አንዲት ጠብታ አትነካትም፣ እያልኩ ነበር። በዓይነ ኅሊናዬ ማጅራቷ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። ምነው ከፊቴ ዞር ብትዪ፣ አልኩ በልቤ፣ ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብትዪልኝ።

ያኔ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የጎረቤት መስሎኝ ነበር፣ ግን የቧንቧ ድምፅ አልነበረም፣ ድንጋይ ላይ ሳያቋርጥ የሚወርድ፣ ሠላሳ ሁለት ምንጭ እየዞርኩ ሳምንት ሙሉ የሰማሁት ያ የናዞኔ ድምፅ ነበር፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ ጥርት ብሎ። ከኋላው ደግሞ እንደ ትራም ደወል ያለ ነገር ነበር። የእኛን የዕቃ ማጠቢያ ተመለከትኩ፣ ደረቅ ነው። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፣ አንድ ደቂቃም አምስትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ቀጥ አለ፣ ሶፍትዌሩም ሳልነካው ካርታውን ዘርግቶ አገኘሁት፣ ነጥቦቹ ሁሉ በየቦታቸው ተቀምጠዋል።

እማዬ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እየጣለች።

«መቼ ገባሽ?»

«ከየት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ከሄድሽበት ነዋ። ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ እኮ፣ ውኃ አቀብዪኝ ልልሽ። ዝም ስትዪኝ ተነስቼ ባይ ወንበሩ ባዶ ነው። ደግሞ ስልክሽን ጥለሽ!»

«እማዬ፣ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

ዓይኗን እያሸች ትንሽ አየችኝ። «ውይ፣ እንቅልፍ ላይ ሆኜ ይሆናላ» ብላ ውኃዋን ራሷ ቀዳች፣ እኔም እንቅልፍ ነው አልኩ፣ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

ከዚያ የነጥቦቹን ብዛት ተመለከትኩ፣ ስልሳ አራት ይላል። ከአንድ ሰዓት በፊት በሌላኛው ፕሮግራም ስቆጥራቸው ስልሳ ሦስት ነበሩ፣ እኔ እንደምታዩኝ ጠንቃቃ ነኝ፣ ሁለት ጊዜ ነው የምቆጥረው። የመጨረሻውን መዝገብ ከፈትኩት። ቦታ፣ ኤስኲሊኖ፣ ፒያሳው አጠገብ። ቀን፣ ዛሬ። ሰዓት፣ አሥራ አምስት ከአሥር፣ በእኛ ዘጠኝ ከአሥር መሆኑ ነው፣ የፎልደሩን ስም ከቀየርኩ ከሁለት ደቂቃ በኋላ። የመዘገበው ሰው፣ ሕይወት። በሙሉ የወረቀት ስሜ ሳይሆን እማዬ እንደምትጠራኝ፣ ሕይወት ብቻ። ፎቶም ነበረው። ሊዲያ ከጀርባዋ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ናዞኔው ላይ ጎንበስ ብላ ስትጠጣ። በጣም ቀርቦ ነው የተነሳው፣ ማጅራቷ ላይ የተጣበቀው ፀጉር ሳይቀር ይታያል።

ስልኬ እማዬ ራስጌ እንደተሰካ ነበር። ከእኛ ቤት ኤስኲሊኖ በትሬኒኖው፣ ሰፈራችንን በሚያቋርጠው ትንሽ ባቡር፣ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ትሬኒኖው በሰዓቱ ከመጣ፣ እሱ ደግሞ በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም። መዝገቡን ሰረዝኩት፣ ዘግቼ ስከፍት ስልሳ አራት። ደግሜ ሰረዝኩት፣ ስልሳ አራት። ወደ ሊዲያ ደወልኩ፣ አላነሳችም፣ አንድ ሰው ስልኩን እያየ ሳያነሳ ሲቀር እንደሚጠራው ያህል ረጅም ጠራ።

ዓርብ ጠዋት አቀረብን። ካርታው ግድግዳው ላይ ሲበራ ፕሮፌሰሩ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየነኩ ሄደው፣ እፈራው የነበረው ነጥብ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይህ ፎቶ ሕይወት አለው፣ ሰው ሳያውቅ እንዲህ መቅረብ ቀላል አይደለም፣ ብራቫ ታደሰ» አሉ። ያን ያህል ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፣ እኔ ግን የማየው ሊዲያን ነበር። ፎቶውን አይታ ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበት ወጣች።

ከዚያ በኋላ ለቀናት ትኩሳት ያዛት፣ ሐኪሙ ፀሐይ ነው አለ። እማዬ እሑድ ዕለት ይህን ሰምታ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። «ፀሐይ ነው ይላሉ ደግሞ! እሱማ ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን ነው ያረፈባት። እንዲህ የሚቀናባት ማን እንደሆነ ባውቀው! በዪ አንቺ ውሰጂላት፣ ጓደኛዋ አይደለሽ?» አለችኝ። ጠርሙሱን ይዤ ሄድኩ።

ሊዲያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ጠርሙሱን ስሰጣት አላቅማማችም፣ አመሰገነችኝ፣ ከዚያ እናቷ ወደ ሳሎን እስክትወጣ ጠበቀች።

«ለምን ሰላም አላልሽኝም?» አለችኝ።

«መቼ?»

«ዳይ፣ ሕይወት። ሐሙስ። ጠጥቼ ቀና ስል ከኋላዬ ቆመሻል። እዚህ ጋ።» እጇን ዘርግታ ክንድ የማይሞላ ርቀት አሳየችኝ። «አፍሽ ይንቀሳቀሳል፣ በውኃው ድምፅ አልሰማሁሽም። ምን አልሽ ስልሽ ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አንቺ ግን አልሳቅሽም።»

«ሊዲያ፣ እኔ ቤት ነበርኩ፣ በእግዚአብሔር፣ እማዬን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያቸዋለሁ፣ ዛሬ ጠዋት ደውዬ። ጠርተውሽ አልነበርሽም አሉኝ።»

የውኃውን ድምፅ ልነግራት ነበር፣ ከዚያ ግን በልቤ ያልኩትንም መንገር ሊኖርብኝ ነው፣ ደበዘዘ ስላልኩት ፎቶም። ተውኩት። እሷ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ሳበችና በጣሊያንኛ፣ ቀስ ብላ፣ ልክ እኔ ጣሊያንኛ ስናገር እንደማደርገው እያንዳንዱን ቃል እየመረጠች፣ «ቦታውን ውሰጂው፣ ለፕሮፌሰሩ ጽፌላቸዋለሁ፣ አልፈልገውም ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ፣ ሁለተኛ እንደዚያ ቆመሽ አትዪኝ» አለችኝ።

ቦታውን ወሰድኩት። ትታዘቡኛላችሁ፣ ግን ወሰድኩት፣ አሁንም እዚያ እየሠራሁ ነው፣ ሥራውም መልካም ነው፣ ፕሮፌሰሩም ሕይወት ይሉኝ ጀምረዋል። ፎልደሮቼን አሁንም በላቲን ነው የምሰይማቸው፣ ሌላ ምርጫ የለኝም።

ሊዲያ አልተቀየመችኝም፣ ሐሙስ ሐሙስ መምጣቷንም አላቆመችም፣ አንድ ልማድ ብቻ አምጥታለች፣ ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት ለእማዬ ትደውላለች፣ እማዬ ስፒከር ላይ ስለምታደርገው እኔም እሰማለሁ። «ዚያ አበባ፣ ሕይወት እርስዎ ጋ ናት? እያዩዋት ነው?» እማዬ ይህ የልጆች ጨዋታ ይመስላታል፣ «እቺው፣ እዚሁ ፊቴ ናት» ብላ ትስቃለች፣ ያኔ ሊዲያ ትመጣለች።

ባለፈው ሐሙስ ሊዲያ ለከርሞ ውጭ አገር ሄዳ እንድትማር ዕድል እንዳገኘች እማዬ ከሥራ እንደገባች ነገረችኝ፣ ከዓይን ያውጣት አለች። እኔ ደስ ይበላት አልኩ፣ ፊቴን አዙሬ ሽንኩርት መክተፌን ቀጠልኩ፣ ደረቴ ውስጥ የተነሳውን ነገር ታውቁታላችሁ፣ አልጠራሁትም፣ ራሱ ነው የመጣው። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጠራ። «ዚያ አበባ፣ እያዩዋት ነው?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ እያየኋት ነው፣ ነይ» አለች እማዬ።

እኔ ከኋላዋ ምድጃው ጋ ነበርኩ። እማዬ ግን በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ነበር የምታየው።